ጉጠት ለጉጠት ሲቀባበል

ነታንያ፣ ራማት የዲዲም
ዓርብ ጠዋት፣ በፈረንጅ 1996

ውድ አባቴ፣

ጤናዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ፤ የቀረውን ሰላምታ እህቴ ትሁኔ ከራሷ ትሙላልኝ፣ ዛሬ ወሬው አላስቀምጥ ብሎኛል። ስታነብልዎ ቀስ ትበል፣ ቃል እንዳትዘል! ልጅዎ ትናንት ከሥራ ልትባረር ሄዳ ቋሚ ሠራተኛ ሆና ተመለሰች። ያዳኗት እርስዎ ነዎት። ልትባረር የነበረውም በእርስዎ ጦስ ነው። አይቆጡ፣ ከሥሩ ልንገርዎት።

የምሠራው ጋዜጣ ማተሚያ ቤት እንደሆነ ጽፌልዎ ነበር። ጋዜጣው ታትሞና ታጥፎ ሲወጣ የሰው እጅ አይነካውም። ላይ በሰንሰለት የሚሮጡ የብረት መቆንጠጫዎች እየነከሱ ይዘውት ይመጣሉ። የእርስዎን ጉጠት ቁርጥ ናቸው፣ ግን የጣት ቁመት የሚያህሉ፣ በመቶ የሚቆጠሩ። እኔ ካለሁበት ሲደርሱ ታች ለሚሮጠው ለሁለተኛው ሰንሰለት ጉጠቶች ያስረክባሉ። በአንድ ሰከንድ ከዐሥር ጋዜጣ በላይ! ሥራዬ መቀባበያው ላይ ቆሞ መጠበቅ ነው፤ የተጨማደደ ካለ ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ ማቆም፣ ማውጣት፣ እንደገና ማስነሳት።

ከሦስት ሳምንት ወዲህ ይህ መቀባበያ አበደ። ፍጥነቱ ከፍ ሲል ጋዜጣው እየተቀደደ ወለል ላይ ይዘንባል። አሳፍ የሚባለው ሜናሄላችን፣ አለቃችን ማለት ነው፣ አሚት የሚባል መካኒክ አስጠራ። አሚት ማሽኑን በዝግታ አዙሮ አየው፤ አንድም አልወደቀም። "ማሽኑ ጤነኛ ነው" ብሎ እጁን ጠረገ። ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ እንግዲህ በሽተኛዋ እኔ ነኛ!

አሳፍ ቢሮው ጠራኝ። "እጅሽን ታስገቢያለሽ? ወይስ ቁልፉን ዘግይተሽ ነው የምትጫኚው? ተናገሪ እንጂ!" እያለ ጮኸ። እኔስ ምን አደረግሁ? እርስዎ እንዳሳደጉኝ። አንገቴን ደፍቼ፣ ዓይኔን ከጫማው ላይ ሳላነሳ፣ ጭጭ። ታላቅ ሲቆጣ ዝም ይባላል፣ ቁጣው ሲበርድ ነገር ይነገራል ብለው አይደል ያስተማሩኝ? የአሳፍ ቁጣ ግን አይበርድም፣ ጭራሽ ነደደ። "በቃ፣ ገባኝ" አለ። "ሐሙስ የዓርቡን ሙሳፍ ስናትም እንዲህ ከሆነ፣ እሑድ እንዳትመጪ።" ሙሳፍ የሚሉት የሰንበት ጋዜጣውን ተጨማሪ ገጽ ነው። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ የቀረው አንድ ሳምንት ነበር፣ አባቴ። አንዲት ሳምንት!

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ የሥራ ጓደኛዬ ሊሞር ያዘችኝ። "ምን ሆነሽ ነው መሬት መሬት የምታዪው? እዚህ አገር ዓይኑን የሚሰብር ውሸታም ነው! አጥፍቻለሁ ብለሽ ፈረምሽለት እኮ!" አለችኝ። ወይ ጉዴ! እኔ አከብረዋለሁ፣ እሱ ጥፋቷን አመነች ይላል።

እውነቱን ልናገርና፣ ያን ዕለት ተቀየምኩዎት። ከአውቶቡስ ወርጄ እስከ ቤቴ ደጅ ከእርስዎ ጋር ስጣላ ነው የሄድኩት። "ዓይንሽን ስበሪ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ" ያሉኝን ሁሉ አንድ በአንድ መለስኩልዎት፤ ድምፄንም ዝቅ አላደረግሁም። መንገደኛው ይቺ ሴትዮ ለይቶላታል ሳይል አልቀረም።

እየተጣላሁዎት ግን ጎንደር ያለው ብረት ቤታችን መጣብኝ። እኔ ወናፍ ስነፋ እርስዎ የጋለውን ብረት ለአጎቴ ያቀብሉታል። የእሱ ጉጠት ሳይነክስ የእርስዎ አይከፈትም። "ያዝህ?" "ይዣለሁ!" ሲል ነው የሚለቁት። አንድ ቀን አጎቴ ብረቱን ሲመልስልዎ፣ እርስዎ ሳይዙት ቸኩሎ ለቆ እግሬ አጠገብ ሲወድቅ፣ ሳምንት ሙሉ ጉጠት ከለከሉት!

መንገድ ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ማሽኑን ሳቆመው፣ ሊቆም ሲያዘግም፣ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ መሰልዎ! የላዩ ጉጠት ቀድሞ ይከፈታል፤ ጋዜጣው ለአፍታ በመሃል ያለው ቆርቆሮ ላይ ያርፋል፤ የታቹ የሚነክሰው ከዚያ በኋላ ነው። በዝግታ ሲሆን ይደርስለታል። በሩጫ ግን ማረፊያ የለውም፣ ነፋስ ይቀማዋል። አሚትም በዝግታ ስላዞረው ነው ያመለጠው። ኧረ ይሄ ማሽን አሳዳጊ የበደለው ነው፣ ሳይያዝለት ይለቃል!

ትናንት ጠዋት አሳፍ ፊት ሄጄ ቆምኩ። ዓይኔን አነሳሁና ዓይኑ ላይ ተከልኩት። ምጥ ላይ ሆኜ እንኳ ያን ያህል አልፈራሁም፣ አባቴ። ከአሚት ሣጥን ሁለት ፒንሳ አንስቼ አንዱን ለሊሞር ሰጠኋት። የታጠፈ ጋዜጣ በእኔ ፒንሳ ነከስኩና ሳትይዘው ለቀቅሁት፤ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። "ማሽናችሁ የሚያደርገው ይሄንን ነው። ጥፋቱ የእኔ አይደለም" አልኩት፣ በተሰባበረ ዕብራይስጤ።

"ደግሞ መካኒክ ሆነች!" ብሎ አሚት ሳቀ። አሳፍ አልሳቀም። ትክ ብሎ አየኝና "ክፈተው" አለው።

አሚት የታቹን ሰንሰለት አንድ ጥርስ ወደ ፊት አስቀደመው። አንድ ጥርስ ብቻ! ማሽኑ ተነሣ። በሰዓት ሃያ ሺህ፣ ሠላሳ ሺህ፣ አርባ ሺህ! ጋዜጣው ከላይኛው ወደ ታችኛው ጸጥ ብሎ ይሻገራል፤ አንድ እንኳ አልወደቀም፣ አንዲት ጠርዝ አልታጠፈችም! እኔማ አላስቻለኝም፣ "ይዣለሁ! ይዣለሁ!" እያልኩ ጮኽኩ። ሊሞርም ትርጉሙን ሳታውቅ አብራኝ "ይዣለሁ!" ትላለች። እሰይ! እሰይ!

በኋላ አሳፍ "ያን ዕለት ለምን ዝም አልሽኝ?" አለ። "ስላከበርኩህ" አልኩት። አሁን ደግሞ እሱ መሬት መሬት አየ። ከሰዓት በኋላ ቅቪዑቱን፣ የቋሚ ሥራውን ወረቀት፣ ራሱ አምጥቶ አስፈረመኝ።

እኔ ወደዚህ ስመጣ እርስዎ የታመሙትን አያቴን ጥዬ አልሄድም ብለው ከቀሩ አምስት ዓመት ሆነ። የጉዞ ወረቀትዎ አልቆ ሲመጡ አውሮፕላን ጣቢያ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ጉልበትዎን እስማለሁ፣ እሱ አይቀርም። ከዚያ ግን ቀና ብዬ ነው የማይዎት፤ ዓይን አወጣች እንዳይሉኝ ከአሁኑ ይወቁልኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ አባቴ። የእግርዎን ጣቶች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ዓይንዎ ግን ምን እንደሚመስል አላውቅም።

ልጅዎ
ባንቺአየሁ