መኪኖቻችንን ወደ ግድግዳ ስላዞሩልን

ለክቡር የሕንፃችን ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር
አራተኛ ፎቅ፣ ግቢው ሁሉ የሚታይበት በረንዳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ፣ ስለ ወገብዎ ሕመም፣ እንዲሁም ማለዳ ማለዳ ከበረንዳዎ ጎንበስ ብለው ግቢያችንን ስለሚቃኙበት ዓይንዎ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ሁሉም ደህና እንደሚሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በተለይ ዓይንዎ ደህና መሆኑን በየሳምንቱ ከሚደርሱን ማስጠንቀቂያዎች እረዳለሁ። እኔ በሁለተኛው ፎቅ የምኖር፣ ሳሎኔ ውስጥ ልብስ ሰፍቼ የማድር፣ አንድ አባትና አንዲት ነጭ የቤት አውቶሞቢል ያሉኝ ሴት ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በመግቢያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ለእርስዎ ለብቻዎ መላክ ንፉግነት ስለመሰለኝ ነው። የዋሉልን ውለታ የሁላችንም ስለሆነ ምስጋናውም በሁላችን ፊት ቢነበብ ይሻላል። ነዋሪው በፍቅር «አቶ ሰልፍ» እያለ እንደሚጠራዎት ሳይሰሙ አይቀሩም። ስሙን ያወጣሁት እኔ አለመሆኔን አረጋግጥልዎታለሁ፤ በልብስ ሰፊ ዓይን ሳየው ግን ልክዎ ነው፣ አይጠብም አይሰፋም።

አንደኛ፤ ስለ ሸራው።

የመኪኖቻችን ቀለም መዘበራረቁ ዓይንዎን ስላስቸገረው፣ ሁላችንም ከአንድ ነጋዴ የተገዛ ግራጫ ሸራ እንድናለብሳቸው መወሰንዎ ይታወሳል። በሙያዬ ምክንያት ስለ ልክ ጥቂት እንድናገር ይፍቀዱልኝ። ይህ ሸራ የተቆረጠው ለሚኒባስ ይሁን ለድንኳን አላውቅም፤ ለቤት አውቶሞቢል ግን አልነበረም። ከኮፈኑ ላይ ይንዘላዘላል፣ ከጎማው ሥር ይጎተታል፣ ነፋስ በገባበት ቁጥር ውስጡ የተጠራቀመውን አቧራ ይዞ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና በፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ዝገትን ቤት ለእንግዳ ይላል። መኪና ንጹሕና ደረቅ ካልሆነ በቀር ሸራ ባይለብስ እንደሚሻለው ብናገር፣ በስብሰባው ላይ ስለ መኪና ሳይሆን ስለ ውበት እየተወያየን መሆኑን በትዕግሥት አስረድተውኛል።

ሸራው ከመጣ ወዲህ የማን የማን እንደሆነ መለየትም ቀርቷል። በቀደም እሑድ የራሴ መስላኝ ከእኔዋ ቀጥላ የቆመችውን የጎረቤታችንን የጥርስ ሐኪሙን ነጭ መኪና ከፊት በኩል ገልጬ፣ ኮፈኗን በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ፣ ሰም ቀብቼ፣ የዝናብ መጥረጊያዋን ላስቲክ ሳይቀር በአዲስ ቀይሬ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሐኪሙ በማግሥቱ ሥራው የባለቤቱ መስሎት አበባ ይዞላት ገባ፤ እሷም ምክንያቱን ሳትጠይቅ ተቀበለች። አሁን ማታ ማታ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲንሸራሸሩ አያቸዋለሁ። ለዚህ የታደሰ ትዳር ምስጋናው ለእርስዎ ነው። የመጥረጊያውን ላስቲክ ግን ቢመልሱልኝ አልጠላም።

ሁለተኛ፤ ስለ መብራት።

ቢጫ የሆነ የፊት መብራት የሕንፃውን ገጽታ ስለሚያበላሽ በአስቸኳይ እንዲጠራ ማዘዝዎ ተገቢ ነበር። የዘመኑ መኪና የመብራት መሸፈኛ ፕላስቲክ ስለሆነ ፀሐይ ሲበዛበት ይደበዝዛል፤ ፀሐይዋ ደግሞ የማኅበሩ አባል ስላልሆነች ትእዛዙ እኛ ላይ ወደቀ። አንደኛው ነዋሪ በጥርስ ሳሙና ቢፈገፈግ ለጊዜው ይጠራል ብሎ አስወራ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ከጎናችን ያለው ሱቅ የጥርስ ሳሙና አለቀበት። ልጆቻችን ጥርሳቸውን በጨው አሹ፤ ግቢው ለአንድ ሳምንት ያህል አፉን እንደተጉመጠመጠ ሰው ይሸት ነበር። እውነት ለመናገር መብራቶቹ ጠርተው ነበር። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ውሳኔዎ መሠረት ሸራ ለበሱ።

ሦስተኛ፤ ስለ ውሃ ብዙ የምለው የለኝም። በግቢው ውስጥ መኪና በቧንቧ ውሃ ማጠብ ክልክል መሆኑን፣ ቆሽሾ መገኘቱም እንደዚሁ ክልክል መሆኑን አንድ ወረቀት ላይ አንብቤያለሁ። ሁለቱንም አከብራለሁ።

አራተኛውና ብዕር ያስነሳኝ ጉዳይ የመኪና አቋቋም ነው።

የግቢው ግድግዳ አዲስ ቀለም ከተቀባ ወዲህ የጭስ ማውጫ እንዳያጠቁረው ብለው፣ መኪና ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ እንዲቆም አዘዋል። መኪኖቻችን እንደ ረባሽ ተማሪ ፊታቸውን አዙረው ተሰልፈው ሳይ እኔም ምን አጥፍቼ ይሆን እላለሁ። ችግሩ የእኔ ቦታ የመጨረሻው ዳር ላይ መሆኑና በስተቀኙ የሕንፃው ምሰሶ መቆሙ ነው። መኪናዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር ከሾፌሩ አጠገብ ያለው የቀኝ በር ከምሰሶው ጋር ይላተማል፤ የሚከፈተው ድመት ለማሾለክ ያህል ብቻ ነው። ጀርባዋን ሰጥታ ብትቆም ግን ምሰሶው በእኔ በኩል ይሆናል። እኔ ደግሞ ቀጭን ነኝ፤ ሥራዬም ቢሆን በጠባብ ቦታ መሽሎክሎክን አስተምሮኛል።

በዚያ በቀኝ በር የሚወርደው አባቴ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ዳሌው ላይ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ወዲህ ከመኪና ለመውረድ በሩ ወለል ብሎ መከፈት አለበት፤ መላ ሰውነቱን ወደ ውጭ አዙሮ፣ ሁለት እግሮቹን አንድ ላይ አውርዶ፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። በሐኪም ትእዛዝ እግሩን ማጣመም አይችልም፤ የኋላው ወንበርም ስለሚጠበው ተከልክሏል። በየሳምንቱ ደግሞ እግሩን የሚያፍታቱለት ባለሙያዎች ዘንድ መሄድ አለበት፤ ካልሄደ እንደ ደረቀ ይቀራል ተብለናል።

ይህን ሁሉ እቤትዎ ድረስ መጥቼ ነግሬዎታለሁ። በጽሞና አዳመጡኝ፤ ከዚያም ለአንድ ሰው ከተፈቀደ ነገ ሁሉም አባት አለኝ ይላል ብለው መለሱልኝ። እውነትዎን ነው፣ አባት ያለው ሰው ብዙ ነው። ከመኪናዬ ኋላ ያለውን የግድግዳ ቁራጭ በየወሩ በገዛ እጄ ላጥበው ብል፣ ግድግዳው የጋራ ስለሆነ በግል አይታጠብም አሉኝ። በመጨረሻም አባቴን ከግቢው በር ላይ እንዳወርደው ምክር ለገሱኝ።

ምክርዎን ተቀበልኩ። ከግቢው በር እስከ ደረጃው ያለው መንገድ ዝናብ ሲነካው ኩሬ ነው። ጥበቃው በአንድ ብብቱ፣ እኔ በሌላው ይዘን እየጎተትን ስናስገባው ጎረቤቶቻችን ከልባቸው አዝነው አይዞዎት አባባ ይሉታል። አባቴ በጭጋግ ውስጥ፣ በገደል አፋፍ ላይ፣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ተሸክሞ ሲያልፍ አይዞህ ያለው አልነበረም፤ እሱ ነበር አይዟችሁ ባዩ። ከሁለተኛው ጊዜ በኋላ፣ ተይው ልጄ፣ እግሬ ተሽሎታል፣ ቤቴ ልዋል አለኝ።

እግሩ አልተሻለውም ነበር። ማፈሩ ስለገባኝ እሺ አልኩት፤ ወጥ ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ፣ ከሐዘኔም ንዴቴ ይበልጥ ነበር። ይህን በትሕትና የምጽፍበት ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ስለዚህ እንዳለ ጽፌዋለሁ። አንዱ ቀጠሮ አለፈው፣ ቀጣዩም አለፈው። ከአልጋው እስከ መስኮቱ መራመድ እያቃተው መጣ። የግድግዳው ቀለም ግን ትናንት የተቀባ ይመስላል፤ እንኳን ደስ አለዎት።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ ጊዜዎን አልሻማም። በዚህ ደብዳቤ ፈቃድ እየጠየቅኩ አለመሆኔንም ልብ ይሉልኛል ብዬ አምናለሁ፤ ፈቃድ ጠይቄ ያገኘሁትን መልስ አንዴ ስላገኘሁት ይበቃኛል። የጻፍኩት ለማመስገን ብቻ ነው። ሸራዎ እስኪበጣጠስ፣ ግድግዳዎ እስኪያረጅ፣ ሰልፍዎም እስኪጸና ረጅም ዕድሜ እመኝልዎታለሁ።

ለደንብዎ ተገዢ፣ ለበረንዳዎ ጎረቤት፣ ለሸራዎ ደግሞ ያለ ክፍያ ጠርዝ ልትዘመዝም ፈቃደኛ የሆነች፣

የሁለተኛ ፎቅ ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ቅዳሜ ከኮሚቴው አባላት ጋር ግቢውን ሲጎበኙ፣ ሸራዋን እንደለበሰች ከቆመችው ከእኔ መኪና ዘንድ ሲደርሱ «ይኸውላችሁ፣ መኪና ሲቆም እንዲህ ነው፤ ከዚች ተማሩ» ብለው ላደረጉልኝ ክብር ምስጋናዬ የላቀ ነው። አባቴ በመስኮት ሆኖ ያይዎት ነበር፤ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ እንዲያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። በዚያው ዕለት ጠዋት ከቀጠሮው ተመልሰን ነበር፤ የቀኙን በር እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ሁለት እግሮቹን አንድ ላይ አውርዶ፣ ማንም ሳይነካው ቆሟል። የቤት አውቶሞቢል ከፊትም ከኋላም አንድ ዓይነት ጉብታ ስላለው በእርስዎ ሸራ ውስጥ ሆኖ ፊትና ጀርባው አይለይም፤ እያመሰገኑ እጅዎን ያሳረፉበት ግን ኮፈኗ ነበር።