ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ

ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ 2 ቀን

ይድረስ ለንስሐ አባቴ፤

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሰዓቱን የማውቀው ዓይኔ ስልኬ ላይ ስለነበር ነው። ሰላምታዬን ላስቀድም ብዬ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ወረቀት ቀደድሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። አሁን ግን ላድርሰው፤ ያለ ሰላምታ ደብዳቤ መጻፍ አላስተማሩኝም። ለመሆኑ እንዴት ከረሙ? ዝናብ ሲገባ የሚነሳብዎ የጉልበት ሕመም ዘንድሮ እንዴት አደረገዎ? በሚያዝያ የሰጠሁዎት ቅባት ያልቃል ብዬ ሌላ ልኬአለሁ። ጠዋትና ማታ ይቀቡት፤ ቁስል ግን አይንካ። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። በሌላው ደህና አይደለሁም።

የምሠራበትን መድኃኒት ቤት ያውቁታል። ከዓመት ወዲህ ሰው ወደዚያ የሚመጣው መድኃኒት ፍለጋ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ሰበር ችሎት፣ ከእርሱ በላይ አቤት የማይባልበት ማለት ነው፣ በመጪዎቹ ሳምንታት የሚያያቸውን መዝገቦች ዝርዝር አስቀድሞ ያወጣል። ኔትወርክ ባለ ቀን ዝርዝሩን በስልኬ አገኘዋለሁ። አንድ ጊዜ ለአንዲት ሴት ፈልጌ ባገኝላት ወሬው ተዛመተ፤ አሁን ከአማኑኤልም ከደብረ ኤልያስም የመዝገብ ቁጥራቸውን በብጣሽ ወረቀት ይዘው፣ አንዳንዶቹም በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ። ወጣሁ ወይ ልጄ ይሉኛል። አልወጡም ስላቸው ደግመሽ እዪው፣ ዓይንሽ ዘልሎት ይሆናል ይላሉ። ደግሜ አያለሁ።

የዚያን ዕለት የመጡት እትዬ ሥራነሽ የሚባሉ የአማኑኤል ሴት ናቸው። በአጥር ነገር ከአማታቸው ወንድም ጋር ስድስት ዓመት ተካሰዋል። የእርሳቸውን ቁጥር እየፈለግሁ ዝርዝሩን ወደታች ስስበው ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ ላይ ደረስሁ። እንዲህ ይላል፤ አመልካች መሳፍንት እንዳላማው፣ ተጠሪ ማርያማዊት እንዳላማው፣ የቀጠሮው ምክንያት ለፍርድ።

መሳፍንት ወንድሜ ነው። ማርያማዊት እኔ ነኝ። እርስዎ ያጠመቁኝ።

እትዬ ሥራነሽ ፊቴን አይተው፣ ምነው፣ ፈረዱብኝ እንዴ አሉኝ። የእርስዎ አልወጣም፣ የወጣው የእኔ ነው አልኋቸው። አንቺም ክስ አለሽ እንዴ አሉኝ። መኖሩን አሁን ነው የሰማሁ አልኋቸው። በይ እንግዲህ አብረን እንመላለሳለን፣ ስንቁን እኔ እይዛለሁ አሉኝ። ያን ቀን የሰማሁት ደግ ነገር ይኸው ብቻ ነው።

አባቴ፣ የሚያውቁትን ልድገምልዎት ነው። የምደግመው እርስዎ የሚያውቁትና እኔ የማውቀው አንድ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። አባቴ እንዳላማው ሦስት ዓመት ሲተኛ ያገላበጥሁት እኔ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ በየዓርቡ ይጁቤ ቤታችን እየሄድሁ እሑድ ማታ የምመለሰው፣ ልብሱን የማጥበው፣ ጀርባው እንዳይቆስል በየሰዓቱ የማዞረው እኔ ነበርሁ። መሳፍንት በዚያው ግቢ እየኖረ አንድ ቀን ሽንቱን አልደፋለትም፤ የሴት ሥራ ነው ይል ነበር። አባቴ ከወንዙ በላይ ያለውን አራት ጥማድ ለእኔ ሲናዘዝ ሦስት ምስክሮች ተቀምጠዋል። ከሦስቱ አንዱ እርስዎ ነዎት። ጣቱን ይዘው ቀለሙ ላይ ያስነኩትም እርስዎ ነዎት።

መሳፍንት ኑዛዜው አይጸናም ብሎ ከሰሰ። በወረዳ ተረታ። በዞን ተረታ። በክልል ተረታ። ባለፈው ኅዳር የአፈጻጸም መዝገብ አስከፍቼ፣ መሬቱን የሚያስረክበኝ ሰው ቀን ተቆርጦለት ነበር። እንዲህ ስንል ታኅሣሥ ገባና የአባቴ ሙት ዓመት ደረሰ። በማግስቱ እርስዎ ሽማግሌ ሰበሰቡ። እህትና ወንድም በአባታቸው ሙት ዓመት ሰሞን በዳኛ አይነጣጠሉም አሉ። እኔ ደግሞ ሦስት ጊዜ ተፈርዶልኛል፣ ምን የቀረ ነገር አለ አልሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ይቺ ልጅ ተምራ አፏ ሰላ አለና ሁሉም ሳቁ። እርስዎ አልሳቁም። ያን ጊዜ ስላልሳቁ አመሰገንሁዎት። ከዚያ ተነስተው መስቀልዎን ከፍ አድርገው፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን፣ እርቁ እስኪያልቅ ድረስ ከሁለታችሁ የፍርድ ቤት ደጅ የረገጠ የተገዘተ ይሁን አሉ። መሳፍንት ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ተሳለመ። እኔም ተሳለምሁ።

በማርቆስ የሚያውቁኝ ሰዎች ቢሰሙ ይስቁብኛል። ዲግሪ ያላት ሴት፣ የመድኃኒት መጠን በሚሊ ግራም የምታሰላ፣ በግዝት ተያዘች ይላሉ። ይበሉ። አልፈራሁም ብዬ አልዋሽም። አፈጻጸሙን አቋረጥሁ። ሰባት ወር በፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ሳይሆን በጀርባው መንገድ ዞሬ ነው ሥራ የምገባ፤ ደጅ መርገጥ ምን ያህል መቅረብ እንደሆነ አላውቅም ነበርና። እርቁን ስጠይቅዎ መንገድ ይከፈት ይሉኛል፤ ሲከፈት ሽማግሌው ታሟል ይሉኛል፤ ሲድን ጾም ነው ይሉኛል። መሳፍንት በዚህ መሀል አራቱን ጥማድ አረሰው።

ማክሰኞ ለመሳፍንት ደወልሁለት። እንዴት ግዝቱን ጥሰህ ሰበር አቤት አልህ አልሁት። ሳቀ። እኔማ ተፈትቻለሁ አለኝ። መቼ ብለው፣ በማግስቱ ነዋ፣ ቤታቸው ሄጄ ፈቱኝ፣ አንቺን አልነገሩሽም እንዴ አለኝ። አልነገሩኝም አልሁት። እንግዲህ አንቺን ያልፈቱሽ ቢያውቁሽ ነው ብሎ ዘጋብኝ።

ከዚያ በኋላ ነው አዲስ አበባ የሄድሁት። ረቡዕ መኪና አልነበረም፤ ሐሙስ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተን፣ ዓባይ በረሃ ላይ አራት ጊዜ ወርደን ተፈትሸን ማታ ገባን። ዓርብ ጠዋት መዝገብ ቤት ቀረብሁ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ትሕትና ትባላለች፤ በእኔ ዕድሜ ናት። መታወቂያዬን አይታ መዝገቡን ሰጠችኝ። አቤቱታው የገባው ጥር 6 ቀን ነው። ያስቀርባል፣ ጉዳዩ ይታያል ማለት ነው፣ ተብሎ መጥሪያ የወጣው በመጋቢት ነው። ከዚያ አንድ መስመር፤ ተጠሪዋ መጥሪያ ደርሷት መልስ ስላላቀረበች መልስ የመስጠት መብቷ ታልፏል። አልደረሰኝም አልኋት። ደርሷል ይላል አለችኝ። የእኔ ፊርማ እንደዚህ አይደለም አልኋት። የአንቺማ አይደለም፣ ለአንቺ ሊያደርስ የተቀበለ ሰው ነው፣ ቄስ ነው መሰለኝ፣ መስቀል አለበት አለችኝና የመጥሪያውን ጀርባ ገልብጣ አሳየችኝ።

ለተጠሪዋ ላደርስ ተቀብያለሁ ይላል። ቀኑ ሚያዝያ 24 ነው። ከፊርማው በፊት ትንሽ መስቀል አለች። ጽሑፉ የብራና ጽሕፈት የለመደ እጅ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ራሱ ወፈር ብሎ እግሩ የሚቀጥን። የትም ባየው አውቀዋለሁ። የእኔም እጅ ጽሑፍ ወደዚያ ያደላል፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጓደኞቼ የደብተራ ጽሕፈት እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ትሕትና ታውቂዋለሽ ወይ አለችኝ። አላውቀውም አልኋት። ለምን እንደዋሸሁ እስካሁን አልገባኝም። አፌ ቀደመኝ።

ይጁቤ ቀበሌ ደውዬ ጠየቅሁ። ጸሐፊው አልደበቀኝም። አንቺ ማርቆስ ነሽ፣ ለወንድምሽ እንዳንሰጠው ከሳሽሽ ነው፣ የታመነ ሰው እኔ ላድርስላት ሲል ጊዜ ሰጠነው አለኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እርሱም አልነገረኝም፤ ማወቄን ያውቃል።

ሚያዝያ 30ን ያስታውሳሉ? ለቅዱስ ማርቆስ ንግሥ መጥተው፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ መድኃኒት ቤት ጎራ አሉ። ወንበር አወጣሁልዎ። ውሃ ጠጡ። ጉልበትዎን አሳዩኝ፤ ያን ቅባት ሰጠሁዎት። ቦርሳዎ ጭንዎ ላይ ነበር፤ ላስቀምጥልዎ ብዬ እጄን ብዘረጋ ግድ የለም፣ ይሁን ብለው ያዙት። ስለ መሬቱ የሰማሽው ነገር አለ ወይ አሉኝ። የለም፣ እርቁን እጠብቃለሁ አልሁዎት። እንዲህ ነው ልጄ፣ ዝምታ ጸሎት ነው አሉኝና ግንባሬን በመስቀል ዳበሱኝ። ከ24 እስከ 30 ስድስት ቀን ነው። ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ። ከእጄ እስከ ቦርሳው ደግሞ አንድ ክንድ አይሞላም ነበር።

አሁን የሚሉኝን አውቀዋለሁ። ጊዜው ክፉ ነው፣ መሳፍንት መሣሪያ ይዟል፣ በመሬት ደም ከሚፈስ እርሷ ቢቀርባት ምን አለበት፣ ደመወዝ አላት፣ ነገ አግብታ ትሄዳለች ይሉኛል። አባቴ፣ መፍራትዎ ይገባኛል። የማርቆስ ሰው ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። መሳፍንት በርዎ ላይ መጥቶ ከሆነ፣ መጥቶ አስፈራራኝ ማለት ይችሉ ነበር፤ አልቅሼ ጉልበትዎን እስም ነበር። ግን የእርሱን ጠመንጃ ፈርተው እኔን በእግዚአብሔር አስፈራሩኝ። ለእርሱ ሲሆን የሚፈታ፣ ለእኔ ሲሆን የሚያስር ቃል ከየት አገኙ? በዕርቅ ስም ከሦስት ዳኛ ቤት በላይ የቆመው የእርስዎ ወንበር ማን የሰጠዎ ነው? ደም እንዳይፈስ ብለው ከሆነ፣ ለምን የሚፈራውን ለቀው የሚያከብርዎትን አሰሩ?

የሚያቃጥለኝ መሬቱ ብቻ አይደለም። ሰው ሁሉ ለሴት ልጅ ዳዊት መድገም ምን ያደርግላታል ሲል፣ ከወንዶቹ እኩል አስቀምጠው ያስደገሙኝ እርስዎ ነዎት። ስሳሳት አርጩሜ አላነሱብኝም፤ ጣትዎን ፊደሉ ላይ አድርገው እስካነበው ይጠብቁኝ ነበር። ያነበብሁትን ሁሉ ያነበብሁት በዚያ ጣት ነው። ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድንም።

ትሕትና ያለችኝ ይኸ ነው። መብቴ እንዲመለስ መጥሪያው እንዳልደረሰኝ በቃለ መሐላ ማረጋገጥ አለብኝ። ማን እንደተቀበለው ካልገለጽሁ፣ ዳኞቹ የደረሰኝ ያህል ይቆጥሩታል። ሰበር ከፈረደብኝ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የምሄድበት የለም፤ ኑዛዜውም ሦስቱም ፍርድ ከንቱ ይሆናል። ቅዳሜና እሑድን የስሙን ቦታ ባዶ ትቼ፣ ወረቀቱን እያየሁ ዋልሁ። እሑድ ቅዳሴ ሄጄ ነበር። ውስጥ አልገባሁም፤ በውጭ ቆሜ አስቀደስሁ። ሰኞ ጠዋት ስሙን ከነማዕረጉ ጻፍሁት። ከምሳ በፊት ገቢ ሆነ።

ቅጂውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። መነጽርዎን አድርገው ሦስተኛውን አንቀጽ ያንብቡት። ችሎቱ ሐምሌ 9 ነው፤ ተቀባዩ ቀርቦ እንዲጠየቅ አመልክቻለሁ። መጥሪያው ለማንም አደራ ሳይሰጥ፣ ለራሱ በእጁ እንዲደርሰው ብዬም ጨምሬአለሁ። ሰው ስለራሱ ጉዳይ ሳያውቅ ሊቀር አይገባም። ከዚያ ቀን በፊት አዲስ አበባ ሄዶ፣ አዎ እኔ ነኝ፣ አላደረስሁላትም ቢል ግን እኔ የምጨምረው ቃል የለኝም። የመኪናውን ወጪ እኔ እችላለሁ፤ ከዓባይ ወዲያ ጉልበቱን ዘርግቶ የሚቀመጥበት የፊት ወንበርም አስይዝለታለሁ።

ደብዳቤውን የሚያመጣልዎ የይጁቤው ሚኒባስ ሹፌር ነው። በእጅዎ እንዲሰጥዎትና አስፈርሞ እንዲመለስ ነግሬዋለሁ።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ሐምሌ 9ን አይተው የሚያልፉበት ዕድሜ ይስጥዎት። አዝመራዎ ይመር፤ የደብሩ ደጅ አይዘጋ። በደብዳቤ መጨረሻ ይፍቱኝ ማለት ልማዴ ነበር። አሁን አልልም። ግዝቱን ዓርብ ጠዋት በሁለት እግሬ ረግጬ ገብቻለሁና የሚፈታልኝ አልፈልግም። ከእንግዲህ እኔ በሌለሁበት ማንም አይታረቅልኝም። የማይገዘተውን ሰው ፈርቶ እኔን የሚገዝተኝን አልሰማም። ስሜ በተጻፈበት ወረቀት ላይም፣ መስቀል ቢቀድመው ባይቀድመው፣ ከእኔ እጅ በቀር የማንንም ፊርማ አልቀበልም።

ፊደል ያስቆጠሯት ልጅዎ