አንዴ ረጅም፣ ሁለቴ አጭር

ይድረስ ለምወድህ፣ ለማከብርህ፣ እስከ ዛሬም ላኮረፍከኝ አባቴ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከመኪና ስትወርድ እህ እያልክ ነው? እማዬ ደህና እንደሆነች በስልክ ነግራኛለች፤ ያንተን ጤና ስጠይቃት ግን አለ፣ ያው አለ ከማለት ሌላ አትጨምርም። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከፀሐይ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። አፍንጫዬ ተልጦ አልቆ ሌላ አፍንጫ አብቅያለሁ።

አሮጊቷ ሚኒባስህስ እንዴት ናት? ሰው ሳይጠየቅ መኪና አይጠየቅም ብዬ ነው ወደ ኋላ ያደረግኳት እንጂ፣ አንተ ብትሆን ከእሷ ነበር የምትጀምረው። ሁለተኛ ማርሽ ስታስገባላት የሚነሳባት ያ ሳል ለቀቃት? እኔ እንኳ የለቀቃት አይመስለኝም። ለምን እንደማይመስለኝ ቆይቼ እነግርሃለሁ።

ደብዳቤ የምጽፍልህ ስልኬን ስለማታነሳ ነው። ደብዳቤ ጥሩነቱ መሃል ላይ አይዘጋም። ብትቀደው እንኳ ቁርጥራጩን ገጣጥመህ ታነበዋለህ፤ አውቅሃለሁ።

ወደ ማሠልጠኛ የሄድኩበትን ቀን መቼም አትረሳውም። ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ አንተ አሮጊቷ ሥር ገብተሃል። የላላ ብሎን አልነበረም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የሚታየኝ ሁለት ጫማ ብቻ ነበር። አባዬ ልሄድ ነው አልኩ፤ ጫማዎቹ ዝም። መርቀኝ አልኩ፤ አሁንም ዝም። ቆይቶ ከሥር አስራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አቀብዪኝ የሚል ድምፅ መጣ። አቀበልኩህና የግራ ጫማህን ስሜ ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ከንፈርሽ ላይ ግራሶ አለ ብላ መሐረብ ሰጠችኝ፤ እኔ ግን ቶሎ ልጠርገው አልፈለግኩም።

የኩርፊያህ ምክንያት አይጠፋኝም። ትንሽ ልጅ ሆኜ ጋቢና ከጎንህ ተቀምጬ ነበር፤ ዝናቡ ይወርዳል። ያ ትራፊክ አስቆመህ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ መንጃ ፈቃድ ብቻ። ጥፋትህን እንኳ ሳይነግርህ ዝናብ ላይ ገትሮህ እሱ ከጣሪያ ሥር ሆኖ ሻዩን ጨረሰ። በስብሰህ ስትመለስ አልተሳደብክም፤ ሰው እንዴት ሰላም አይልም ብቻ ነው ያልከው። ከዚያ ወዲህ ፖሊስ የሚለው ቃል ከቤታችን ወጣ፤ እኔ አመለከትኩ ስልህ ደግሞ ከዚህ ቤት ፖሊስ አይወጣም አልክ። አባዬ፣ ከዚያ ቀን አንተ ቂሙን ያዝክ፤ እኔ ጥያቄህን ያዝኩ።

የሹፌርን ቋንቋ የተማርኩትም እዚያው ጋቢና ውስጥ ነው። ከፊት የሚመጣው መኪና መብራቱን ሁለቴ ብልጭ ካደረገ ወደፊት ትራፊክ አለ ማለት ነው፤ ክላክስ አንዴ ጢጥ ሲል አመሰግናለሁ ነው። አንዴ ረጅም፣ ሁለቴ አጭር የምትለዋ የመብራት ምልክት ግን ያንተ ፈጠራ ናት። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ላንተ ፖሊስ ማለት ፊሽካና ዱላ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ከዚያ ብዙ የተሻለ አላውቅም ነበር። ስንገባ ሁላችንም አንድ ልብስ፣ አንድ ጫማ፣ ጧት ጧት አንድ ሩጫ። ከዚያ ሕጉ አለ፣ የመጀመሪያ እርዳታ አለ፣ የሚያለቅስ ሰው እንዴት እንደሚደመጥ ሳይቀር ትምህርት አለው። ስንወጣ ግን እንደ አንድ እናት ልጆች ሆንን፤ መልካችን አንድ፣ ጠባያችን ለየቅል። አጠገቤ የምትተኛዋ ቀጭኗ ማበጠሪያዋን ማን እንደነካው በቀረው ፀጉር ታውቅ ነበር፤ አሁን አሻራ ምርመራ ገብታ ከብርጭቆ ላይ ጣት ትለቅማለች። ሬዲዮ እያልን የምንጠራው ወሬኛ ደግሞ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ጎረቤት ያስታርቃል። ወሬ ደመወዝ ሲያስገኝ ያየሁት በእሱ ነው። አንዷ ጓደኛችን ስልክ ላይ ተመድባ የተጨነቀ ሰው ሲደውል ቀስ ብለህ ንገረኝ ትላለች፤ እሷስ ድምጿ ብቻ ሕፃን ያስተኛል።

ምደባ ሲደርስ አብዛኛው የተመኘው ወንጀል ምርመራ ነበር። ሲቪል ለብሶ፣ መነጽር አድርጎ፣ ጋዜጣ ገልጦ መቀመጥ ይመስላቸዋል። እኔ ትራፊክ ስል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አሠልጣኛችን ምክንያቴን ቢጠይቁኝ፣ የሹፌር ልጅ ነኝ፣ መንገዱን ከመስታወት ወዲህ ሆኜ አይቼዋለሁ፣ አሁን ከመስታወት ወዲያ ልየው አልኳቸው። ዋናውን ምክንያት ግን በሆዴ ያዝኩት። የማስቆመውን ሰው ሁሉ ቀድሜ ሰላም ልለው ነው የመጣሁት፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የተመደብኩት አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው። ባንዱ ጥግ የሕፃናት ትምህርት ቤት፣ በሌላው ፋርማሲ፣ ከማዶ ጃንጥላ ተክሎ የሚሠራ ጫማ ሰፊ። የዜብራው ቀለም ለቅቆ ነጩ ከጥቁሩ አይለይም፤ ልጆቹ የሚሻገሩት እኔን አይተው ነው። የሙከራ ጊዜዬን ካለፍኩ ትከሻዬ ላይ ምልክት ይደረግልኛል፤ የሚያደርገው አለቃ ሳይሆን ከቤተሰብ አንድ ሰው ነው፣ ደንቡ እንደዚያ ነው። ካላለፍኩ መዝገብ ቤት ገብቼ ፋይል ሳቀና ልኖር ነው። እኔ ደግሞ ያንን መንገድ ወድጄዋለሁ። ፊሽካዬን ነፍቼ እጄን ስዘረጋ ያ ሁሉ ብረት ቀጥ ሲልልኝ፣ ልጆቹም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲያልፉ፣ እኔም አብሬያቸው ልሻገር ይቃጣኛል።

ታዲያ ችግር መጣ። ችግሩም ጥፋት መጥፋቱ ነው።

ከተመደብኩ ወዲህ በእኔ መንገድ የሚያጠፋ ሹፌር የለም። ቀበቶው ታስሯል፣ ፍጥነቱ ልክ ነው፣ ተሳፋሪ አይጠቀጠቅም፣ ዜብራው ጋ ሲደርሱ ሳልነግራቸው ይቆማሉ። ሚኒባስ አባዬ፣ ሚኒባስ! አንተው ታውቀዋለህ፣ ይህ የጤና አይደለም። ቀጥሎ ያለው መንገድ ላይ የቆመው ባልደረባዬ የቅጣት ጥራዙን እየጨረሰ ሌላ ይቀበላል፤ የኔ አንድ ገጽ አልተነካም።

አለቃዬን በሌሉበት ሳጅን ፍሬን እንላቸዋለን፤ የገቡበት ቤት ወሬው ሁሉ ቀጥ ስለሚል ነው። አስጠርተው ጥራዙን ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ ወይ ዓይንሽ አያይም ወይ እጅሽ ይቀበላል አሉኝ። መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም፤ ሲገባኝ እንባዬ መጣ። ያንተን ልጅ ጉቦ ትበላለች እያሉ ነው። ነገሩ ካልተጣራ የሙከራ ጊዜዬን እንደማይፈርሙልኝ ነግረው አሰናበቱኝ።

ከዚያ በኋላ ጥፋት ፍለጋ ወጣሁ። አንድ ጧት ከጫማ ሰፊው ጃንጥላ ጀርባ ተደበቅኩ። ጫማ ሰፊው አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ማን ነው የሚያሳድድሽ አለኝ። ወዲያው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ልጅቱ ዛሬ የለችም እንዴ፣ አሟት ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ተደብቄ እንኳ የሚያጠፋ አጣሁ።

ያን ጊዜ ነው ቀና ብዬ መብራታቸውን ማየት የጀመርኩት። እኔን ያለፈው መኪና ከፊት ለሚመጣው ብልጭ ያደርጋል። ተናደድኩ። ለካ ትራፊክ አለ እየተባባሉ ነው፣ ቆይ ብቻ ብዬ ፊሽካዬን አፌ ውስጥ ከተትኩ። ግን ሁለቴ አልነበረም። ደግሜ አየሁ፤ አንዴ ረጅም፣ ሁለቴ አጭር። ቀጣዩም እንደዚያው፣ ከእሱ ቀጥሎ የመጣውም እንደዚያው። ፊሽካውን ሳልነፋ ከአፌ አወጣሁት።

ትምህርት ቤት በእግሬ መሄድ ስጀምር መንገዱ ጠባብ ነበር፣ የእግረኛ መሄጃም አልነበረውም። አንተ ሥራ ላይ ነህ፣ ልታደርሰኝ አትችልም። ስለዚህ ለጓደኞችህ ያቺን ምልክት አወጣህላቸው። አጠገቤ ያለፈ ሹፌር ከፊት ለሚመጣው አንዴ ረጅም፣ ሁለቴ አጭር ያበራለታል። ልጄ መንገድ ላይ ናት፣ ቀስ በል ማለት ነበር። እኔ ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ ያኔ መኪና ሁሉ እኔ ጋ ሲደርስ ለምን እንደሚያዘግም ስለማይገባኝ፣ የዓለም መንገድ ሁሉ እንዲህ ጨዋ ይመስለኝ ነበር።

አንዱን አስቆምኩት። ቀድሜ ሰላም አልኩት፤ ጎማው እያሉ የሚጠሩት ሆደ ትልቅ ሰውዬ ነው። ይህን መብራት ማን አስተማራችሁ አልኩት። እየሳቀ፣ ተራ የምንጠብቅበት ቦታ ሁሉ ተነግሯል፣ ከተራ አስከባሪ እስከ ረዳት የማያውቅ የለም አለኝ። ማን ነው የነገራችሁ ስለው፣ አፌን ብትቆርጪው አልናገርም፣ ሰውየው ገና ኩርፊያ ላይ ነው አለ። ያኮረፈ ሹፌር የምታውቀው አለ እንዴ አባዬ? እኔ በበኩሌ አንድም አይመጣልኝም።

ለሳጅን ፍሬን እንዴት እንደምነግራቸው ጨነቀኝ። ብናገር ከሹፌሮች ጋር ተመሳጥራለች ሊባል ነው፤ ዝም ብል ጉቦ በልታለች ሊባል ነው። በመጨረሻ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ የምልክቱን ትርጉም ከልጅነቴ ጀምሬ ነገርኳቸው። ማን እንደጀመረው ሲጠይቁኝ ብቻ በዓይኔ አላየሁም አልኩ። በዚያን ጊዜ እውነት ነበር።

ፊታቸው ምንም ሳይፈታ ሰሙኝ። በማግስቱ ሲቪል ለብሰው መጥተው ጫማቸውን ለጫማ ሰፊው አወለቁና በካልሲ ተቀምጠው ረፋዱን ሙሉ ሲመለከቱ ዋሉ። ልጆቹ ሲሻገሩ አዩ። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ጠየቁት፤ እሱም ከዚህ በፊት የመውጫው ደወል ሲደወል ፈርቶ ዓይኑን ይጨፍን እንደነበር፣ አሁን ግን ልጆቹ ሲሻገሩ እሱ ሥራውን ትቶ እንደ ትዕይንት እንደሚያይ ነገራቸው።

መሃል ላይ አንድ ነጭ ሚኒባስ አለፈ። ረዳት የለው፣ ተሳፋሪ የለው። ሹፌሩ ኮፍያውን አፍንጫው ድረስ አውርዶ ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል። ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ዞሮ መጣ። ደግሞ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። ታርጋውን አላነበብኩም፣ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ነበር። ብቻ ሁለተኛ ማርሽ ሲያስገባ መኪናው ክፉኛ ሳለ። ሳል ይዞ ስርቆት የሚሉት ይኼ ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ፤ ሳቄን ይሁን እንባዬን ልደብቅ አላውቅም። ሳጅን ፍሬን በካልሲያቸው ተነስተው፣ ይህ ሰውዬ ምን ጠፍቶበት ነው አሉ። መንገድ ጠፍቶበት ይሆናል አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና ሳቁ፤ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ቢሮ ስንመለስ ፈረሙልኝ። ጥራዝ ለመሙላት አይደለም የቆምነው፣ ልጆቹ ቤታቸው እንዲገቡ ነው አሉኝ፤ ስለ ጉቦው የተናገሩትንም እንደ ትልቅ ሰው ይቅርታ ጠየቁኝ። ስወጣ ደግሞ፣ ምልክቱን ማን ነው ትከሻሽ ላይ የሚያደርግልሽ አሉ። ሰው አለኝ አልኩ፣ ብቻ ይዞራል ይዞራል እንጂ አያቆምም።

ቀኑ የሚመጣው እሑድ ጧት ነው፣ በማሠልጠኛው ሜዳ። እማዬ ትመጣለች፤ ምልክቱን የሚያደርገው ግን አንድ ሰው ነው፣ እሷም የኔ ድርሻ ማልቀስ ነው ብላኛለች። ለአሮጊቷ ማቆሚያ ጥላ ያለበት ቦታ አስይዤላታለሁ።

ያንን የነጭ ሚኒባስ ሹፌር ካገኘኸው ደግሞ አንድ ነገር ንገርልኝ። የግራ የኋላ መብራቱ አይበራም። ለሰው ብልጭ ሲያደርግ የራሱን ረስቷል። እስከ እሑድ ካላስጠገነው፣ ያ ንጹሕ ጥራዝ የሚከፈተው በእሱ ነው፤ ሕግ አባት አያውቅም። ግን አይፍራ። እንደ ዝናቡ ቀን አይሆንበትም። መስኮቱን ሲያወርድ ቀድሜ ሰላም የምለው እኔ ነኝ።

መሪህ ይቅናልህ፣ ፍሬንህ ይያዝልህ፣ ወጥተህ በሰላም ግባ። እጅህን ስሜአለሁ፤ ጫማህን ስሜው ስለነበር ዛሬ ወደ ላይ ከፍ ልበል።

መንገድ ላይ ያለችው ልጅህ