በሚስቴ መኪና ስለ ሄደው ሙክቴ

ለክቡር አቶ አትናቴዎስ ማዕረግ
የአካል ጉዳተኞች ልዩ ተሽከርካሪ አስተባባሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቅናቴን ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

ጾሙን አስፈትቶ ለብርሃነ ትንሣኤው ያደረሰዎ አምላክ ጤናዎን እንደ ነሐሴ ገብስ ያለምልመው፤ ጉልበትዎን ያጽናው፤ በዚህ በበዓል ሰሞን ጥርስዎን ከአጥንት ይጠብቅልን። እኔም፣ ባለቤቴ አማከለችም፣ የቀረን አንድ ጠቦትም ለክብርዎ ደኅና ነን። የሙክታችንን ደኅንነት ግን ከእኛ ይልቅ እርስዎ ስለሚያውቁት ስለ እሱ ምንም አልልም።

ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ የጻፍሁት እኔ ምንይሉ ተገኘ የገደል አፋፍ ቀበሌ ገበሬ ስሆን፣ እስከ አምና በአውራ ጣቴ ስፈርም ኖሬ ዘንድሮ በማታው ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሁለተኛ የወጣው አጎቴ ነው፤ መነጽሩ ባይጠፋበት ይበልጠኝ ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ፣ አይስሟቸው። አስተማሪያችን ወይዘሪት ጽናትም «ምንይሉ ብዕር ከያዘ ወዲህ ምላሱ ትንሽ አረፈች» ብለው መስክረውልኛል።

ደብዳቤው በቀበሌያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፍ፣ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ላስረዳ። ካቻምና አማከለች ከገብስ ክምር ላይ ሆና ነዶ ስታቀብለኝ ወድቃ ወገቧን ተመታች፤ ከዚያ ወዲህ እግሮቿ አይታዘዙላትም። ደብረ ብርሃን ያሉት ሐኪም ፊዚዮቴራፒዋን (ይህን ቃል ከየትም ሳላይ ነው የጻፍሁት) ካላቋረጠች በምርኩዝ ትቆማለች፣ ካቋረጠች ግን ጉልበቷ እንደ ደረቀ ጠፍር ተኮማትሮ ይቀራል ብለዋል። በገና ሰሞን የግራ እግሯን አውራ ጣት አነቃነቀች፤ እኔም በደስታ ጎረቤት ሁሉ እየጠራሁ ያቺን ጣት ሳስጎበኝ ሰነበትሁ። እንግዲህ የምለምንዎ ስለዚያች ጣት ነው። አቤቱታዬም እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ. በአውቶቡስ እንዳንሄድ ረዳቱ ለእሷ አንድ ወንበር፣ ለማይታጠፈው እግሯ አንድ ወንበር፣ ለዊልቸሯ ደግሞ ሌላ አንድ ወንበር ያስከፍለናል፤ ዊልቸሩ የሚጫነው ግን ከዕቃ ጋር ጣሪያው ፖርቶመጋላ ላይ ነው። በዚህ ሒሳብ አንድ ደርሶ መልስ አንድ በግ ይበላል። በረታችን ጅብ ቢገባበት ኖሮ ይህን ያህል ባልተራቆተ ነበር፤ ጅብ ቢያንስ የመልሱን አያስከፍልም። ስለዚህ መወጣጫ ያለው ነጭ ሚኒባስ ለእርስዎ ቢሮ ተሰጠ ሲባል ከሁሉ ቀድሜ ስሟን አስመዘገብሁ። ሄድሁ፣ ነዳጅ የለም ተባልሁ። ተመለስሁ፣ ሾፌሩ ለመስክ ሥራ ወጥቷል ተባልሁ። ደግሜ ሄድሁ፣ ጎማው ተንፍሷል ተባልሁ። ሌላው መሥሪያ ቤት ሁልጊዜ «ነገ ና» ሲል እርስዎ ግን በየጊዜው አዲስ ምክንያት ስለሚያዘጋጁልን ለድካምዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፪ኛ. ከቤታችን እስከ መኪናው መንገድ ባለው አቀበት ዊልቸር ስለማይሄድ አማከለችን ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ይሸከማታል። በሆሳዕና ዋዜማ፣ ለሰኞው የደብረ ብርሃን ቀጠሮ ከከተማ አውቶቡስ እንድንይዝ ጋቢ አልብሰን ስናወርዳት፣ ማዶ እርሻ ላይ የነበሩ ሴቶች ቃሬዛውን አይተው ሞታለች ብለው ወገባቸውን ታጥቀው ሙሾ ጀመሩ። እሷም ከቃሬዛው ቀና ብላ «ኧረ አልሞትሁም፣ ቀጠሮ አለኝ!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ደንግጠው የታጠቁትን ፈቱ፤ አንዷም «ኡኡታዬን ለነገ አቆይልሻለሁ» አለቻት፤ ተሸካሚው ሁሉ በሳቅ ወድቆ ሊጥላት ነበር። እውነቱን ልንገርዎና ያን ዕለት በሙታን ቀናሁ። የሞተን ሰው ደብሩ ሁሉ በነፃ ይሸኘዋል፤ ታሪፍ የሚጠየቀው በሕይወት ያለ ሰው ነው።

፫ኛ. ከተማ ደርሰን አማከለችን በዊልቸሯ ላይ በግንብ ጥላ ሥር አስቀምጬ፣ ለሰኞው ቀጠሮ መሳፈሪያ እንዲሆነን ከመስከረም ጀምሮ ያደለብሁትን ሙክት ገበያ አወጣሁ። የገዛኝ የእርስዎ ሾፌር ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ የሙክቱን ጥርስ አየ፣ ወገቡን ዳሰሰ፣ ላቱን በእጁ መዘነ። አማከለችን እስከ ዛሬ ከመንግሥት ሰው ወገብሽ እንዴት ነው ብሎ የጠየቃት ስለሌለ ቅናቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። ወዲያው ያ ነጭ ሚኒባስ በጀርባው መጣና የኋላ በሩ ተከፈተ፤ መወጣጫውም እንደ ጠገበ ላም ምላስ ቀስ ብሎ ወረደ። እኔ ሞኙ ተራችን ደረሰ ብዬ ዊልቸሩን እየገፋሁ ሮጥሁ። ስደርስ ሙክቴ በመወጣጫው እየተጎማለለ ወጣ፤ ወንበር ተሰጠው፤ ቀበቶም ታሰረለት። በመስኮት አየኝና ፊቱን አዞረ። በእጄ ጨው እያላስሁ ያሳደግሁት በግ በአንድ ጊዜ ባለሥልጣን ሆነብኝ።

አማከለችም ሳቋን ይዛ «ምነው ምንይሉ፣ እሱ እኮ እግሩ ደኅና ነበር! ሰብረኸው ነው እንዴ የሸጥኸው?» አለችኝ። ሾፌርዎን «ወንድሜ፣ ከበጉ ጎን ቦታ አለ፣ እሷንም ውሰዳት» ብለው «ጋሼ፣ ይኼ የአለቃ አደራ ነው፤ ሰው ለመጫን ደግሞ ደብዳቤ ያስፈልጋል» ብሎኝ ሄደ። ሰኞ ጠዋት የአውቶቡሱ ረዳት በበዓል ሰሞን ለአንድ ሰው ሦስት ወንበር አልሰጥም ስላለ ቀጠሮው አለፈ። በሚስቱ የሚቀና ባል አለ፤ በጎረቤቱ በሬ የሚቀና ገበሬም አለ። እኔ ግን በገዛ በጌ ቀንቼ፣ ፋሲካን የዶሮ ወጥ እያነቀኝ ዋልሁ።

፬ኛ. ሾፌሩን አልከስም፤ ጥፋቱ የፊደል ነው። በሚኒባሱ በር ላይ «የበጎ አድራጊዎች ስጦታ፣ ለአካል ጉዳተኞች ብቻ» ተብሎ ተጽፏል። እኔም ትምህርት በጀመርሁ ሰሞን «እግዚአብሔር በጎ ሰው ይወዳል» ጻፍ ስባል «በግ ሰው» ብዬ ጽፌ ክፍሉ ሁሉ ሳምንቱን እንደ በግ ሲጮኽብኝ ሰንብቷል። ወይዘሪት ጽናት ያን ጊዜ «ሳድሱ ግ፣ ሳብዑ ጎ፤ ጭራዋን ካልለየህ ሰውየውን ታሳርደዋለህ» አሉኝ። ሾፌርዎም «ጎ»ን «ግ» ብሎ አንብቦ የበግ አድራጊዎች ስጦታ መስሎት መሆን አለበት። በማታው ትምህርት ከጎኔ ባዶ ቦታ ስላለ ማታ ማታ ይላኩልኝና እኔ አንደኛው ራሴ ፊደል አስቆጥረዋለሁ። እግረ መንገዱን «ብቻ» የምትለዋንም ቃል ይማራታል፤ እኔ በዚያች ቃል ዓረፍተ ነገር ሥራ ተብዬ «አንድ ጠቦት ብቻ ቀረን» ብዬ በመጻፌ አሥር ከአሥር አግኝቻለሁ።

፭ኛ. ምናልባት ሙክቱ ከተሸጠ በኋላ ሽባነት ተገኝቶበት ከሆነ ይነገረኝ። በገበያችን ሕግ እንከን ያለበት በግ የሸጠ ይመልሳል፤ የአባቴ ስም በዚህ እንዲነሣ አልፈልግም። እንከን ካልተገኘበት ግን ወንበሩ የማን እንደሆነ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያውቃል።

ሐኪሙ በስልክ ተለምነው ሌላ ቀጠሮ ሰጥተውናል፤ ከዳግም ትንሣኤ ማግሥት ሰኞ ነው። ይህኛውም ካለፈ አትምጡ አላሉም፤ ኑም አላሉም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። አማከለች ሌሊቱን ሙሉ ያቺን ጣት እያነቃነቀች «አለች፣ አለች» ትላለች። ለሰው ደብዳቤ ያስፈልጋል ስለተባልሁ፣ እነሆ ደብዳቤው።

ከመወጣጫዎ ግርጌ ቆሜ፣ እስክወጣም ድረስ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ የምነሣዎ፣ በበግ የቀናው አገልጋይዎ

ምንይሉ ተገኘ
(ፊርማ ነው፤ የጣት አሻራ አይደለም)

ግልባጭ፦
ለሾፌሩ፣ ያነበበው ሲመስል ይነበብለት
ለሙክቱ፣ ነፍሱ ባለችበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ ካልበቃ ሌላ መላ አለኝ። በሚመጣው ቅዳሜ ያን የቀረንን ጠቦት ገበያ ስለማወጣው ሾፌርዎ በሚኒባሱ ይምጣና ይግዛልኝ፤ ዋጋውን እቀንሳለሁ። ሆኖም ጠቦቱ እንግዳ እጅ ስለሚፈራ እኔና ባለቤቴ አብረነው ልንሳፈር ግድ ነው፤ ሰኞም በደብረ ብርሃን በኩል ዞሮ ነው የሚረከቡት። አማከለች ገመዱን እኔ እይዛለሁ ብላለች። ቦታ የለውም እንዳይሉኝ ደግሞ ስም አውጥቼለታለሁ፤ ስሙ «ብቻ» ነው፤ በሩ ላይ ተጽፎለታል።