ሁለተኛው ገምጋሚ አመነ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ታናሼ ራሔል ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። "ጥናቴ ሳይታተም ወሬ በምትጽፊበት መጽሔት ላይ እንዳላየው!" አለችኝ። እዚህ ማስታወሻዬ ላይ ልተንፍሰው እንጂ ሆዴ አይችልም።

ስለ ጀልዴሳ ቀበሌ ፍየሎች በሽታ የጻፈችውን ጥናት፣ ልታሳትምበት የላከችለት የሳይንስ ጆርናል ለሁለት ገምጋሚዎች ልኮት ነበር። አንደኛው ወደደው። ሁለተኛው ግን "የአርቢ ሴቶች ወሬ ማስረጃ አይሆንም፤ ይህ ክፍል ይውጣ" አለ። የገምጋሚ ስም ደግሞ አይነገርም። የእኔ ቢጤ ወሬ ወዳድ ይህን እንዴት ትቻለው!

"ክፍሉን አውጪውና ጥናቱ ይለፍልሽ፤ የዩኒቨርሲቲው ደረጃ ዕድገትሽ የሚወሰነው በእሱ እኮ ነው" ብዬ መከርኳት።

"እቴቴ፣ በሽታውን ያሳዩኝ እነሱ ናቸው" ብላ እምቢ አለች። ተመልሳ ጀልዴሳ ወረደች። ሴቶቹ ታመዋል ያሏቸውን ፍየሎች ደም አስመርምራ፣ ሴቶቹ ትክክል መሆናቸውን ያሳየውን ውጤት ከመልሷ ጋር ላከች።

ዛሬ የአርታኢው ደብዳቤ መጣ። ተቀብለውታል! ያ ሁለተኛውም "ክፍሉ ይቆይ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" ብሎ ጽፏል። ማን እንደሆነ ባውቅ ሄጄ በሳምኩት።

ራሔል ወዲያው ከአርቢዎቹ አንዷ ለሆኑት ለአዴ ፋጡማ ደወለች። የስልኩን ድምፅ ከፍ ስላደረገችው እኔም ሰማሁ።

"ወላሂ፣ እኔ በአንድ ጠዋት ያሳየሁሽን ለማመን ይህን ሁሉ ጊዜ ፈጀባቸው?" አሉና ሳቁ። "በይ አሁን ደግሞ ነይና የግመሎቹን በሽታ ልንገርሽ።"

ራሔል ስልኩን ሳትዘጋ እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳዬን ትበረብር ጀመር። ምክሬን የሚንቅ ሰው ያናድደኝ ነበር፤ ዛሬ ግን እንዲህ ደረቴን የነፋችው ምክሬን ያልሰማችው ታናሼ ናት።