ነጠላዋን በጥርሷ የያዘችው ሴት

ውድ ንጋቷ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅም፤ ደኅና መሆንሽን የጭነት መኪና ሾፌሩ ባየው ነግሮኛል። በቀደም ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ ደብረ ሲና ለምሳ ቆሞ፣ ከመንገድ ዳሩ ሆቴል ጓሮ ሰሃን ስታጥብ አየኋት አለኝ። ሰላም ሊልሽ ጠጋ ሲል ፊትሽን አዙረሽ ገባሽ አሉ። ባየውን መቼም ታውቂዋለሽ፣ ያየውን ሳያወራ አያድርም። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽም እሱ ነው። ስልክሽ ዝግ ነው። ክፍት ቢሆንም አልደውልም ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ወይ እጮኻለሁ ወይ አለቅሳለሁ፣ ሁለቱም ካርድ ይበላሉ።

እንዳትጨነቂ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ገንዘቤን ማን እንደወሰደው አውቃለሁ። ቀበሌውም ያውቃል። እናትሽም ያውቃሉ። እንግዲህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ከመጀመሪያው ልነሣ። የምታውቂውንም እጽፈዋለሁ፣ በእኔ በኩል ምን ይመስል እንደነበር አታውቂውምና። ሴፍቲኔት የገባን ጊዜ አንድ ቡድን ደረሰን፤ ከመናኸሪያው እስከ መዞሪያው ያለውን አስፋልት በየማለዳው እንጠርጋለን፣ ከሚከፈለን ላይ ጥቂት እየተቀነሰ በስማችን ይቆጠባል። ወገብሽ ሲነሣብሽ ቡድናችን መላ ዘየደ። ያንቺን ድርሻ ተከፋፍለን እንጠርጋለን፣ አንቺ ከአጥሩ ሥር ተቀምጠሽ ቋጠሯችንን ትጠብቂያለሽ፣ ስም ጠሪው ብቅ ሲል ብድግ ብለሽ መጥረጊያ ትጨብጫለሽ። ማንም ቅር አላለውም። ብርዱም ለብቻ ሲሆን ነው የሚከፋው፣ እየተቀላለድን እንጨርሰው ነበር።

ከዚያ የሥራ መነሻው ገንዘብ መጣ። ሥልጠናውን ለጨረሰ ነው የሚለቀቀው ተባለ። እኔ ጨርሼ ስለነበር ወዲያው ገባልኝ። ያንቺ ታገደ፤ እናትሽን ለዓይን ሕክምና ስታመላልሺ ከሥልጠናው ቀርተሻላ። «እናቴን በር ላይ ጥዬ ስለ ቁጠባ ልማር?» ብለሽ የቀበሌው የፕሮግራሙ ሠራተኛ ቴዎፍሎስ ላይ የጮኽሽበት ቀን ትዝ ይለኛል። ቴዎፍሎስም ልጅ እግር ነው፣ ከመመሪያው አንዲት ፊደል አይወጣም። «እትዬ ንጋቷ፣ እኔ ብፈቅድ ኮምፒውተሩ አይፈቅድም» አለሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ቀን የኮምፒውተሩን ስም እያነሣሽ ስትሳደቢ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

እኔ ለቴዎፍሎስ የገባሁለት ቃል ከመንዝ የበግ ጠጉር አስመጥቼ፣ አስፈትዬ፣ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ አሠርቼ እሸጣለሁ የሚል ነው። እሱም ቤቴ መጥቶ ሥራው መጀመሩን በዓይኑ ያያል። ካልጀመርኩ ከፕሮግራሙ እሰረዛለሁ። ነገሩ ይኸው ነበር። ጠጉር ሻጩ ከመንዝ ድረስ ጆንያውን ተሸክሞ መጣልኝ፤ እሱን ባንኩ በር ላይ አቁሜ ካርዴን ማሽኑ ውስጥ ከተትኩ። ማሽኑ ምንም የለሽም አለኝ። ዘበኛውን ተቆጣሁት፤ ምን አደረገ እሱ ምስኪን! ሻጩም ጆንያውን መልሶ ተሸከመና እየተነጫነጨ ሄደ።

ውስጥ ገብቼ ማርያማዊት የምትባለዋን የባንክ ሠራተኛ ጠየቅኋት። ገንዘቡ በተለያየ ቀን፣ በዚያው ማሽን፣ በራሴ ካርድና በራሴ ምሥጢር ቁጥር ወጥቷል።

«ካርዱ የት ነበር እትዬ?»

«ቋጠሮዬ ውስጥ።»

«ቁጥሩንስ ማን ያውቃል?»

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ካርድ የሰጡን ቀን የማይረሳችሁን ቁጥር ምረጡ አላሉንም? እኛ የሚካኤል ማኅበርተኞች ምን የማንረሳው ቁጥር አለን? አሥራ ሁለት። ዓመታዊው ደግሞ ኅዳር ነው፣ ሦስተኛው ወር። አሥራ ሁለት ዜሮ ሦስት። እኔ ብልኅ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ማርያማዊት ጠርጥራ ማኅበርተኞቹን በሙሉ ጠርታ ስታስጠይቅ፣ ለካ ሁላችንም አንድ ቁጥር ነው ያለን! በጋራ ጠላ እንደምንጠምቀው በጋራ ምሥጢር ይዘናል። ልጅቱ ራሷን ይዛ «በሉ አሁኑኑ ቀይሩ» አለች። ቀየርን። ሁላችንም ኅዳር ጽዮንን አደረግን። እንደገና ቀይሩ ብላ አባረረችን።

ያን ቀን አንቺም ነበርሽ። ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዘሽ አለቀስሽ። «እጁ ይሰበር የወሰደው» አልሽ። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም ንጋቷ። ገንዘቡ አናዶኛል፣ እርግማኑ ግን አሳመመኝ። ሰው እንዴት በራሱ እጅ ላይ እንዲህ ይላል? በሳምንቱ አክስቴ አዲስ አበባ ታማለች ብለሽ ሄድሽ፣ በዚያው ቀረሽ። ሰፈሩ ያለውን አልነግርሽም።

አቤቱታ ጻፍኩ። ከቀበሌ ፖሊስ፣ ከፖሊስ ባንክ፣ ከባንክ ቀበሌ። አንዱ ጋ ፎቶ ኮፒ አምጪ ይላሉ፣ ስታመጪ መብራት የለም ይላሉ። በመጨረሻ ቴዎፍሎስ አስቀምጦ እንዲህ አስረዳኝ። «በራስዎ ካርድና ቁጥር ስለወጣ ፕሮግራሙ አይተካልዎትም። የወሰደው ሰው ከታወቀና የፕሮግራሙ ተጠቃሚ ከሆነ ግን፣ በስሙ ከተቀመጠው ላይ ተነሥቶ ይመለስልዎታል። ሰውየውም ከነቤተሰቡ ይሰረዛል።»

«ከነቤተሰቡ?» አልኩት።

«ከነቤተሰቡ።»

ባንኩ ማሽኑ ያነሣውን ሥዕል ለፖሊስ ሰጥቶ ነበር፤ መርማሪው ጠርቶ አሳየኝ። አንዲት ሴት ናት። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች፣ ዓይኗ እንኳ በደንብ አይታይም። ሁለት እጇ ማሽኑ ላይ ስለሆነ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛለች። በደብረ ብርሃን ንፋስ መጥረጊያ በሁለት እጅ ጨብጦ ነጠላውን በጥርሱ የሚይዝ ሰው እኔ አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

«ያውቋታል?» አለኝ መርማሪው።

«ፊቷ አይታይም እኮ» አልኩት። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

የራራሁልሽ እንዳይመስልሽ። ባንቺማ አንጀቴ ቆርጦ ነበር። እናትሽን ነው ያሰብኩት። እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ባንቺ ስም ሥር ናቸው፤ አንቺ ከተሰረዝሽ እሳቸውም ይሰረዛሉ፤ እኔ ዝም ካልኩ ደግሞ እኔ እሰረዛለሁ። ቴዎፍሎስ የሚመጣበት ቀን እየቀረበ ነበር፤ ቤቴ ውስጥ ሊያየው የሚችል አንዲት እፍኝ ጠጉር የለም። አንኮበር ያለው ወንድሜ ዘሥላሴ ጋ ሄጄ ልለምን አስቤ ነበር፤ እሱም የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፣ ከምርቃት ሌላ ምን አለው?

ቅዳሜ እናትሽ ዘንድ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። ልነግራቸው አልነበረም። እሳቸው ግን «ያ ነገር ምን ደረሰ?» አሉኝ። ፎቶ አሳዩኝ አልኳቸው። «እህ፣ ምን ይመስላል?» አሉ። ምላሴ አመለጠኝ። ፊቷ የማይታይ ሴት ናት፣ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛለች አልኩ። እጃቸው ላይ የነበረውን ዳቦ መልሰው ሳህኑ ላይ አኖሩት። ቆይተው «ከልጅነቷ ጀምሮ ነጠላው ይቀደዳል ተይ ስላት ኖርኩ» አሉ። ስወጣ «ሰኞ ቀበሌ ይዘሽኝ ሂጂ» አሉኝ።

ለመንኳቸው። «እማማ፣ ይቅርብዎ፣ እርስዎም እኮ ይሰረዛሉ» አልኳቸው። «ላልሠራሽው ጥፋት ስትከፍዪ ቁጭ ብዬ ልይ?» አሉ። ሰኞ ክንዴን ይዘው እያዘገሙ ሄድን። ቴዎፍሎስ ወንበር ሊያመጣላቸው ሲነሣ «ተቀመጥ ልጄ፣ ነገሩ አጭር ነው» አሉት። «የዚችን ሴት ገንዘብ የወሰደችው ልጄ ንጋቷ ናት። ለዐረብ አገር ደላላ ሰጥታ ተበላች። የራሴ ሲለቀቅ እተካላታለሁ ብላ ነበር፣ በጎረቤት ስልክ ደውላ ነግራኛለች። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ቴዎፍሎስ እስክሪብቶውን ያዘና መጻፍ አቃተው። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። እሳቸው ብቻ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። የታገደው ያንቺ ገንዘብ ወደ እኔ እንዲዞር ተወሰነ። አንቺም እናትሽም ተሰረዛችሁ። ጠጉሩ ተገዛ። እኔ እንዝርት ላይ ጎበዝ አይደለሁም፤ እናትሽ ግን ዓይናቸው ባያይም ጣታቸው ያያል፣ ቤቴ መጥተው ይፈትሉልኝ ጀመር። ቴዎፍሎስ ሲመጣ ያየው ያንን ነው። ሥራው ተጀምሯል ብሎ ጻፈልኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እናትሽ ማታ ወደ ባዶ ቤታቸው ሲሄዱ ግን ራቴ አልዋጥልሽ አለኝ። «በእኔ ቤተሰብ ውስጥ ለምን አይመዘገቡም?» ብዬ ቴዎፍሎስን ጠየቅሁት። የሥጋ ዘመድ ወይም በአገር ባህል ቤተሰብ የሆነ ብቻ ነው የሚመዘገበው፣ ሽማግሌም ይመስክር አለኝ።

ይህን ለእናትሽ ስነግራቸው ፈትላቸውን ሳያቆሙ «እንግዲያ ጥቢኝና ልጄ ሁኚ» አሉ። የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቁም።

የሚካኤል ዕለት፣ ማኅበሩ በተሰበሰበበት፣ አባ ኃይለኢየሱስ ጸሎት አደረሱ። እናትሽ፣ እንደ ጡት ልጅ ወጉ፣ በጡት ፈንታ አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነከሩ። እኔ ሃምሳ ያለፈኝ ባልቴት ተንበርክኬ እንደ ሕፃን ጣታቸውን ጠባሁ። ኧረ ሴቶቹ ሳቁ! እኔም እየሳቅሁ ነበር የጀመርኩት። ማሩ አልቆ ጣታቸው ብቻ ሲቀር፣ የበግ ጠጉር ጠጉር የሚል ጣት፣ እንባዬ መጣ፣ ማቆም አልቻልኩም። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲያ አልቅሼ አላውቅም። አባም «የጡት ልጅ ናት፣ መስክሩ» አሉ፣ ማኅበሩም መሰከረ። አሁን እርስዎ ማለት ትቻለሁ፣ አንቺ ነው የምላት። እሷም ትቆጣኛለች፤ ትናንት ቀጭን አትፈትዪም ብላ እጄን መታችኝ።

ቴዎፍሎስ ምስክርነቱን አገላብጦ አየና መመዝገብ ጀመረ። ዝምድና የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

«ምንዎ ናቸው?»

«እናቴ ናት» አልኩት። ጻፈው።

ያንቺ ነገር እንዲህ ነው። ቀርበሽ ጥፋትሽን ካመንሽ፣ ኮሚቴው ወደፊት ማመልከቻሽን ሊያይልሽ ይችላል ብሏል። ፖሊስ ዘንድም አብሬሽ እሄዳለሁ፤ የሚሆነውን አላውቅም፣ ቀላል ይሆናል ብዬም አልዋሽሽም። እዚያ ተደብቆ ሰሃን ማጠብ ግን ኑሮ አይደለም። እሷ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ፈትሏን ታቆማለች። ስምሽን አታነሣም፣ እኔም አላነሣባትም። ባየው ሐሙስ በዚያ በኩል ይመለሳል፣ ጋቢናው ውስጥ ቦታ ይዞልሻል። ተሳፈሪ።

ይቅር ብዬሻለሁ አልልም፣ ገና ነኝ። ስትመጪ የምሰድብሽን ስድብ አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ። ጓደኛዬ ብቻ ብትሆኚ ኖሮ በሬን ዘግቼብሽ እገላገል ነበር። አሁን በየት በኩል ልገላገልሽ?

እህትሽ፣
አመተ ማርያም
ደብረ ብርሃን