የእትዬ ሾርባ፣ ያለ ቅቤና ያለ ጨው

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

አልጠጣችውም። ማንኪያውን አንድ ጊዜ ወደ አፏ ወስዳ መለሰችውና ሳህኑን በጣቷ ገፋ አደረገችው።

«ይሄ ምንድን ነው አስካለ?»

ሾርባ ነው እትዬ፣ የዶሮ ሾርባ አልኳት።

«ዶሮዋ በላዩ ላይ በርራ አልፋ ነው?»

ሳቅሁ። ጓዳ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ምን ላድርግ? ሐኪሙ ከሆስፒታል ሲያስወጣት ያዘዘው ነው። ልቧ ደክሟል፤ ውኃውን መግፋት ስላቃተው እግሯና ሳንባዋ ላይ ይጠራቀማል። ጨው የለ፣ ቅቤ የለ፣ ዘይት የለ፣ የዶሮ ቆዳ የለ። ሰውነቷ ስላለቀ ግን መብላት አለባት፣ ሾርባ ይስማማታል አለ። እሺ፣ ጨውና ቅቤው ከወጣ ሾርባው ውስጥ ምን ቀረ?

እትዬን እኮ ነው እንዲህ የማበላት! እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጡት የጣልኩ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ እሷ ነች። እንጦጦ ማርያም ሰፈር ሴት ስትወልድ፣ ሰው አልጋ ላይ ሲውል፣ ድስቷን አንጠልጥላ የምትደርሰው እሷ። የሐበሻ ዶሮ፣ ነጭ ሽንኩርት ያለ ስስት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ የተከካ ስንዴ፣ ቅቤው ላዩ ላይ ዓይን ዓይን ሠርቶ። ልጄን ሜሮንን ስወልድ ያንን ጠጥቼ ነው ከአልጋ የተነሳሁት። አሁን ከእንጦጦ አውርጄ፣ እዚህ የካ ሚካኤል ሳሎኔ ውስጥ አስተኝቼ፣ የፈላ ውኃ አቀርብላታለሁ።

ጾም መሆኑም አለ። የንስሐ አባቷ መጥተው «ሕመሙ ራሱ ጾም ነው፣ ብዪ ልጄ» ብለው ፈተዋታል። እኛ የቤቱ ሰዎች እንጾማለን፤ ዶሮው የእሷ ብቻ ነው።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ከትላንቱ የተማርኩት፦ ከሱፐርማርኬት የገዛሁት በረዶ የያዘ ዶሮ ምንም ቢቀቀል ሽታው አይለቅም። ካሮት ብቻውን ሾርባ አይሆንም። የሜሮንን ስልክም መስማት የለብኝም።

ልጄ ቪዲዮ ስታይ ነው ያመሸችው። «ማሚ፣ ላይት ቨርዥኑ ቀላል ነው፣ ሴለሪ ጨምሪበት» ትለኛለች። እኔ ሴለሪ የሚባል የፈረንጅ ቅጠል ከየት አባቴ ላምጣ? ሽኩሪያን ጠየቅኳት። ሽኩሪያ በራችን አጠገብ አትክልት የምትሸጥ የስልጤ ልጅ ናት፣ ከእህት አትለይብኝም።

«ሴለሪ? ወላሂ የለኝም። ስሙም የመድኃኒት ነው» አለች። ቆስጣ፣ ዝኩኒ፣ ዝንጅብልና አንድ እስር ጦስኝ በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። ሂሳቡን ስላት እጄን መታችኝ። «ዶሮሽን ባልቀምስልሽም ቅጠል ሃይማኖት የለውም፤ ለእትዬ ነው» አለች። የእሷን እርድ እኔ አልበላ፣ የእኔን እሷ አትበላ፤ እንዲሁ ተዋደን እንኖራለን።

በጾም ዶሮ ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ሌላ ጣጣ። ወሰን ሰፈር ድረስ ሄጄ አንዲት ቀይ የሐበሻ ዶሮ አገኘሁ። ሻጩ፣ «እናቴ፣ ጾም አይደል እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ። አንተ መሸጥ ካልተውክ እኔን መግዛት ምን አስተወኝ አልኩት። ባለቤቴ ታደሰ ከጋራዥ ሲመለስ ባረከልኝ።

እትዬ ከአልጋዋ ሆና ታዘኛለች። «ክንፏ ሥር በደንብ እይ። ቆዳውን ሙልጭ! እጠቢ፣ ደግመሽ እጠቢ፤ ያልነጣ ዶሮ የሰነፍ ሴት ነው።» ልጅ ሆኜ እንዳስተማረችኝ አደረግሁ። ብልቶቹን ውኃ እየቀያየርኩ አጠብኩ፣ በጨውና በሎሚ አሸሁ፣ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ስትቆጣኝ ደስ አለኝ። የሚቆጣ ሰው ገና አለ ማለት ነው።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ጠጣችው!

ቶሎ ልጻፈው። ጠዋት ዶሮዋን በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ቀቀልኳት። ድስቱን በረንዳ ላይ አወጣሁት፤ የካ ብርዱ እንኳን ስብ ሰውም ያረጋል። ስቡ ላዩ ላይ ነጭ ሆኖ ሲጋገር በማንኪያ ገፍፌ ደፋሁ። ከዚያ ዝኩኒ፣ ካሮት፣ ጦስኝ። ቆስጣውን መጨረሻ ላይ፣ ሎሚውን ድስቱን ካወረድኩ በኋላ። ጾም ስለሆነ አልቀምስም፤ በአፍንጫዬ ነው የምሠራው። ለፋሲካ ሌሊት የሚሆነውን ወጥ ሁልጊዜ ሳልቀምስ ሠርቼ የለ እንዴ?

አንድ ማንኪያ። ሁለተኛ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ሳህኑን ይዛ ጨለጠችው።

«እጅሽ ይባረክ። አሁን ሾርባ ሆነ» አለች።

ሮጬ ለሽኩሪያ ነገርኳት። እልል ልትል ስትል አፏን ያዝኩ፤ ሰፈርተኛው ልጅ ተወለደ ሊል ነው።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ዛሬ ጠዋትም ማታም ጠጣች። «ከትላንቱ የቀረ የለም?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ራሷ! መስኮቱ ጋ ተቀምጣ እንጦጦ ስላለው ገብሷ አወራች። ማን አጨደው፣ ማን ወቃው፣ ገለባውን ለማን ሰጡት። ሁሉንም ሰው ሰደበች። ሜሮን የሾርባውን ፎቶ አንስታ ለጓደኞቿ ላከች፤ «የማሚ ሄልዚ ሾርባ» ብላ። ቅቤ ለካ ልማድ ብቻ ነው አልኩ በሆዴ። ኮራሁ።

ማታ ካልሲዋን ሳወልቅላት ላስቲኩ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጠልቆ መስመር ሠርቷል። ካልሲው ጠቧት ይሆናል።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ካልሲው አልነበረም።

ተቀምጣ ነው ያደረችው። ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል። እግሯ እንደ ሊጥ ሆኗል፤ በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ይቀራል። ታደሰ መኪና ለምኖ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። አንዲት ለስላሳ ሐኪም አየቻት፤ የሚያሸናትን ኪኒን ጨመረችላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እናቴ፣ ጨው እየሰጧቸው ነው?»

በሚካኤል ስም! አንዲት ቅንጣት አልጨመርኩም አልኳት።

«ከአንድ ቦታ እየገባ ነው» አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ጥፋተኛ ፈለግሁ። ሶፋው ሥር የሜሮንን ባዶ የቺፕስ ላስቲክ አገኘሁና በልጄ ላይ ጮህኩባት። አንቺ ነሽ፣ ተደብቀሽ እየሰጠሻት ነው አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔ እትዬን ልግደላቸው ማሚ?» ብላ በሩን ዘግታ ወጣች። እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ተኝታለች ብዬ ነበር፤ አልተኛችም።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ታደሰ ሌላ ዶሮ ባርኮልኝ ነበር። ስበልት ቢላው ጣቴን ላጥ አደረገኝ። ቁምነገር አልሆነብኝም፤ ማጠቤን ቀጠልኩ። ጨውና ሎሚው ውስጥ እጄን ስከት ጣቴ እንደ እሳት ነደደ። እጄን አወጣሁት። ጎድጓዳውን ሳህን አየሁት። እፍኝ ሙሉ ጨው እኮ ነው የበተንኩበት። ባለፈውም ያንኑ ያህል፣ ሌሊቱን ሙሉ ዘፍዝፌ።

ማቀዝቀዣው ውስጥ የሐሙሱ ሾርባ ተርፎ ነበር። አወጣሁት። ቆሜ አየሁት። አማተብኩና ምላሴን ነከር አደረግሁ።

ጨው። ምን ጨው ብቻ፣ ልክክ ያለ፣ እኛ የምንበላው ዓይነት ጣፋጭ ሾርባ።

ድስቱ ውስጥ ጨው የለም ብዬ በሚካኤል ስም ምዬ፣ ዶሮው ራሱ ጨው ጠጥቶ አድሮ ለካ! ማጠብ ነዋ! ሲታጠብ የሚገባውን ጨው ማን ጨው ይለዋል? ብቀምስ በመጀመሪያው ቀን አውቀው ነበር። ጾሜን ጠብቄ እህቴን አፈንኳት።

እያለቀስኩ ነገርኳት። 

«አውቃለሁ» አለች።

ታውቂያለሽ?

«ምላስ የለኝም እንዴ? በመጀመሪያው ማንኪያ ነው ያወቅሁት። ብነግርሽ ትነጥቂኛለሽ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ በአፌ ገባ አስኩ። ስስት ነው። እዚያችን ልጅ ላይ ስትጮሂ ግን አፌን መክፈት ነበረብኝ።»

ሜሮንን ጠርታ ጉልበቷን ሳመቻት። በዚህ ዕድሜዋ ጎንበስ ብላ። ልጄ፣ «እትዬ፣ ተዉ እንጂ! ተዉ!» እያለች እሷም ተንበረከከች። እኔ የትኛዋን እንደማነሳ ጠፋኝ።

የዘፈዘፍኩትን ዶሮ ለግቢው ውሻ ሰጠሁት።


እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ሚካኤል ነው። ቅዳሴው እስኪያልቅ ውጭ ቆምኩ፤ ቀምሻለሁና መግባቱ አስፈራኝ። አባን አግኝቼ ነገርኳቸው። «ለታመመ ሰው መቅመስ ፍቅር እንጂ መፍሰክ አይደለም፤ ከአሁን በኋላም ቅመሺ» አሉኝ። ሸክሜ ቀለለ፣ ሁሉም ግን አልወረደም።

አዲሱ አሠራር፦ ዶሮው በፈላ ውኃና በሎሚ ብቻ ይታጠባል፣ አይዘፈዘፍም። አንድ ጊዜ ፈላ ሲል ያ ውኃ ይደፋል፤ ሽታው በዚያ ይሄዳል። ከዚያ እንደ ፊተኛው። ነጭ ሽንኩርቱን በእሳት ጠብሼ ጨመርኩ፣ ዝንጅብሉንም አበዛሁት። ቀመስኩት። ጨው እንደሌለው ያስታውቃል፣ ግን አፍ ውስጥ የሚቀር ነገር አለው።

እትዬ ግማሹን ጠጣች። «ይህችኛዋ ዶሮ ቢያንስ ሾርባው ውስጥ አርፋለች» አለች። እግሯ ትንሽ ጎደል ብሏል።


ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

የሆስፒታል ቀጠሮዋ ነበር። ልቧን በማሽን አዩት። ዶክተሩ ተሽከርካሪ ወንበሯን ለሜሮን ሰጥቶ እኔን ኮሪደሩ ላይ ለብቻ ጠራኝ።

«እህትዎ ናቸው አይደል? ከእንግዲህ በምግብ ብዙ አያስጨንቋቸው። ያማራቸውን ይስጧቸው» አለኝ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ የተሻላት መስሎኝ ደስ አለኝ። ፊቱን ሳየው ነው የገባኝ።

በእኔ ጨው ነው? አልኩት። የዶሮውን ነገር ሁሉ ዘረገፍኩለት። በደንብ ሰማኝ። «አይደለም። እግራቸውን አሳብጦት ይሆናል፤ ልባቸውን ያደከመው ግን እሱ አይደለም። የቆየ ነው» አለ። ስንት ጊዜ አላት አልኩት። የሰው ልብ ቀጠሮ አያከብርም አለኝ።

ለእትዬ አልነገርኳትም። ታክሲ ውስጥ የመንገዱን ሕንፃ እያሳየኋት አወራሁ፣ አወራሁ። ከፒያሳ እስከ መገናኛ አፌን አልዘጋሁም።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ያማራትን ስጧት ካለ እንግዲህ ምን እጠብቃለሁ? ጠዋት ተነስቼ የራሷን ሾርባ ሠራሁላት። የሐበሻ ዶሮ፣ ክክ ስንዴ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጨው በልኩ፣ ለጋ ቅቤ አንጥሬ። ሽታው ቤቱን ሞላው። ታደሰ ጫማውን እያሰረ፣ «አስኩ፣ ጾማችንን ልታስፈቺን ነው?» አለ። ፊቴን ሲያይ መጥቶ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ሄደ።

አቀረብኩላት። ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች።

«ቅቤ አለው» አለች።

አለው እትዬ።

«ጨውም።»

አዎ።

ማንኪያውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ በቀስታ አስቀመጠችው። «ዶክተሩ ምን አለሽ?»

ፈቅዷል አልኳት። 

 ውጭ ሽኩሪያ ከአንዱ ደንበኛ ጋር በቲማቲም ትከራከራለች፤ እሱን አብረን አዳመጥን። ከዚያ እጄን ያዘችኝ፤ እጇ በረዶ ነው።

«ኮሪደሩ ላይ ጀርባሽን አይቼ ነበር» አለች። «ስታለቅሺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ትከሻሽ ከፍ ይላል።»

 እንባዬን ጠርጌ፣ አልጣመሽም እንዴ አልኳት።

«ጥሞኛል እንጂ! ከራሴም ይበልጣል፣ አትኩሪ።» ሳህኑን በሁለት እጇ አንስታ መለሰችልኝ። «እኔ እኮ ድስት ይዤ ሰው ቤት ስገባ ኖርኩ እንጂ ሥጋ ብቻዬን በልቼ አላውቅም። ሰሞኑን እናንተ ሽሮ ከባችሁ ስትበሉ እኔ እንደ ድመት ጥግ ይዤ ዶሮ ስልስ አፈርኩ። ይሄን ለገና ትሠሪዋለሽ። ታደሰም፣ ልጅቱም፣ ሁላችሁም ባላችሁበት እንፈስካለን። እስከዚያ ያንን የቅጠሉን ቅጅልኝ። እሱ ነው የሚያቆየኝ።»

ያቆይሽ ይሆን እትዬ? አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ገና ሩቅ አይደለም። ለጤነኛ ሰው ሩቅ አይደለም።

የቅቤውን ድስት ከድኜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትኩት። ከዶሮው የቀረ ብልት አለኝ፤ በሎሚ ብቻ አጥቤ ጥጃለሁ። ካሮቱን ላጥኩ። ሜሮን ዝኩኒ ልታመጣ ሽኩሪያ ጋ ወጥታለች። ድስቱ እስኪፈላ ጓዳ ዱካ ላይ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ።

አሁን ከሳሎን ተጣራች። ስሜን ስትጠራ እስክሪብቶውን ጥዬ ተነሳሁ።

«አስካለ! ዝንጅብሉን ቀነስ አድርጊው፣ እሑድ አቃጥሎኛል!»

እሺ እትዬ። እሺ፣ እቀንሳለሁ።